የአምና ልክ

በምድር ቤቱ የሚሠሩ ሁሉ እትዬ ሜትር ይሏታል። አንገቷ ላይ ሜትር ሳይንጠለጠል የታየችበት ቀን የለም፤ ገበያም ትወጣበታለች፣ ታማሚም ትጠይቅበታለች። አንድ ቀን የባንክ ጥበቃ "እትዬ፣ ደግሞ እኛን ልትለኪን መጣሽ?" ሲላት ነው እጇን ወደ አንገቷ ሰዳ የሳቀችው።

ልብስ ሰፊ ናት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ኮት ቆርጣለች፣ ሱሪ አጥብባለች፣ የዘመመ ትከሻ በገበር ደግፋ አቅንታለች። የማትወደው ሥራ መጋረጃ ብቻ ነው። "ትከሻ የለው፣ ወገብ የለው፤ ምኑን ሰፋሁ ልበል?" ትላለች።

ምድር ቤቱ ከመንገዱ ሰባት ደረጃ ወደ ታች ነው። ሦስት ፍሎረሰንት መብራት አለው፤ አንደኛው ዓመት ከዓመት ይርገበገባል፤ የሚቀይረው የለም። ጣሪያው ሥር ባለችው ጠባብ መስኮት የሚታየው የአላፊ አግዳሚው እግር ነው። ስለዚህ እትዬ ሜትር ደንበኞቿን ከፊታቸው በፊት በሱሪያቸው ቅምቅማት፣ በታችኛው እጥፋት ታውቃቸዋለች። ቀና ትልና "ያ የኔ ነው" ትላለች። "ያኛው ደግሞ የሌላ ሰው ጥፋት ነው።"

ዓይኗ ከደከመ ግን ቆይቷል። ጥቁር ክር ለጥቁር ጨርቅ ሲሆን መርፌውን ለጎረቤቷ ታቀብላለች። ጎረቤቷ የጨርቅ ጠርዝ የሚዘመዝመው ኦቨርሎክ መኪና ላይ የምትሠራ ወጣት ናት፤ ስሟ ከመኪናዋ ተጋብቶ ኦቨርሎኳ ተብላ ቀርታለች።

"እንኪ፣ አስገቢልኝ።"

"እትዬ ሜትር፣ አንቺ መነጽር አትገዢም እንዴ?"

"የቸገረኝ መነጽር አይደለም፣ ብርሃን ነው።"

"ብርሃን ደግሞ የት ይሸጣል?"

"የሚሸጥበትንማ አውቃለሁ።"

እውነቷን ነው፤ ታውቃለች። ከምድር ቤቱ የስድስት ደቂቃ መንገድ ርቆ፣ ጎዳናው የሚታጠፍበት ጥግ ላይ አንድ ክፍል አለ። ከጉልበት ከፍታ ተነስቶ ጣሪያ ጥግ የሚደርስ መስኮት አለው፤ ጠዋት ፀሐይ የምትገባው በዚያ ነው። ክፍሉ የአባቷ ነበር። እሳቸውም ልብስ ሰፊ ነበሩ። የመስኮቱ ደፍ ወፍራም እንጨት ስለሆነ በየአስር ሴንቲሜትሩ የነሐስ ሚስማር መትተውበታል፤ ጨርቅ ሲመጣ ደፉ ላይ ዘርግተው በሚስማሮቹ ይለኩት ነበር። አንድ ሜትር ለመሙላት የሚያስፈልገው አስር ሳይሆን አስራ አንድ ሚስማር ነው፤ የመጀመሪያው ባዶ ነውና። እትዬ ሜትር መቁጠር የተማረችው በእነዚያ ሚስማሮች ላይ ነው። ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ መስፋትም የተማረችው እዚያው፣ ማንንም ሳትለምን ነው።

አባቷ በታመሙ ጊዜ ክፍሉ ለሕክምናቸው ተሸጠ። የገዙት በግድግዳ የሚዋሰኑት ባለ መድኃኒት ቤቱ ነበሩ። ዕቃ ማስቀመጫ አደረጉት፤ መዝጊያው ወረደ፣ መስኮቱም በካርቶን ተከደነ። በኋላ እሳቸውም ጡረታ ወጥተው መድኃኒት ቤቱን ዘጉ። ያኔ እትዬ ሜትር ሄዳ በራቸውን አንኳኳች። መልሳ ልትገዛው እንደምትፈልግ ነገረቻቸው።

"ልጄ" አሏት፣ "ዋጋውን ዛሬ እነግርሻለሁ፤ ከዚያ ወዲያ አልጨምርም። በእጄ እስካለ ድረስም ለሌላ ሰው አልሸጠውም። ግን ስም የሚዞረው ሙሉው ሲከፈል ነው። ክፍል እንደ ጨርቅ በሜትር ተቆርጦ አይሸጥም።"

"ይሞላል፣ አባባ።"

"ቶሎ ይሙላልሽ። ከእኔ በኋላ የልጆቼን ነገር አላውቅም።"

ያን ጊዜ ከዋጋው መቶ እጅ ስድሳውን አጠራቅማ ነበር። አርባው ቀረ። በመርፌ ብቻ በዓመት ከአራት በላይ አይጠራቀምም። አስር ዓመት ማለት ነው።

ገንዘቧን የወሰደችው የብዙ ሰው ገንዘብ በጋራ ሰብስቦ አክሲዮን ወደሚገዛ ድርጅት ነው። ትርፉም ኪሳራውም ለባለ ገንዘቦቹ ይከፋፈላል። ድርጅቱ ፈንድ የሚባሉ አራት የገንዘብ ቋቶች ነበሩት፣ እያንዳንዱ በቀለም የሚታወቅ። ሰማያዊው ከሁሉም ዓይነት ትንሽ ትንሽ ይገዛል። ቢጫው የግንባታ ኩባንያዎችን ብቻ፣ አረንጓዴው እርሻዎችን ብቻ፣ ቀዩ ማዕድን አውጪዎችን ብቻ። እትዬ ሜትር ሰማያዊውን መረጠች። ምክንያቷ የሙያዋ ነበር፦ ከአንድ ዓይነት ክር የተሠራ ጨርቅ ሲበጠስ ባንድ ጊዜ ነው፤ የተደባለቀው ግን ይታገሣል።

በዓመቱ ሰማያዊው ከመቶ ዘጠኝ አተረፈ። ኦቨርሎኳን ለስላሳ ጋበዘቻት።

ችግሩ የመጣው በሳምንቱ፣ በፖስታ ነው። ድርጅቱ ዓመት ባለፈ ቁጥር የአራቱንም ፈንድ ውጤት ጎን ለጎን አስፍሮ ለደንበኞቹ ይልካል። ሰማያዊ፣ ዘጠኝ። ቢጫ፣ ሠላሳ ስምንት።

"ሠላሳ ስምንት!" አለች እትዬ ሜትር ወረቀቱን መብራት ሥር ይዛ።

"ትናንት በዘጠኝ ስትፎክሪ አልነበር?"

"ሠላሳ ስምንት መኖሩን መች አወቅሁ?"

"የሰው ላም ጡቷ ሁልጊዜ ትልቅ ነው" አለች ኦቨርሎኳ።

እትዬ ሜትር ወረቀቱን ከስፌት መኪናዋ ፊት፣ የደንበኞች ልክ የተጻፈባቸው ቁራጮች ከሚሰኩበት ሰሌዳ ላይ ልትሰካው ፈለገች። ሦስት ጣት ያህል ረዘመባት። መቀሷን አነሳችና የግርጌውን ትርፍ በአንድ ምት ቆረጠችው። ጨርቅም ቢሆን ጠርዙ ላይ የሚታተመውን ጽሑፍ ማንም ልብስ አያደርገውም፤ ተቆርጦ ይጣላል። እሷ ግን ቁራጭ አትጥልም። ያን ቀጭን ወረቀት የልክ ደብተሯ ውስጥ ለገጽ ምልክት ሸጎጠችው።

ቢሆንም ገንዘቧን ለማዛወር ወዲያው አልተነሳችም። ያስነሷት ባለ መድኃኒት ቤቱ ናቸው፤ ሳያውቁት።

ሽማግሌው በየዓመቱ መጀመሪያ አንድ ሱሪ ያሰፋሉ። ከመንገዱ የደረጃውን ግድግዳ እየያዙ ወረዱና ወንበር ላይ ተቀመጡ።

"ሜትሩን ምን ያወርደዋል ካንገትሽ? የአምናው ልኬ ደብተርሽ ውስጥ አለ አይደል?"

"አለ፣ አባባ። ግን በአምና ልክ አልቆርጥም።"

"እኔ እንደሆነ ያው ነኝ።"

"ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለኝ። ይነሱና እጅዎን ከፍ ያድርጉ።"

ይህ የአባቷ ሕግ ነው። የሃያ ዓመት ደንበኛ ቢሆንም፣ መንታ ወንድሙ ትናንት ተለክቶ የሄደ ቢሆንም፣ መቀስ ከመነሳቱ በፊት ሜትር ይነሳል። ሌላም ልማድ አላት። ሰው ወፍሮ ሲመጣ ቁጥሩን ጮክ ብላ ትናገራለች፣ ትቀልድበታለች፣ ቤቱን ታስቃለች። ከስቶ ሲመጣ ግን ምንም ሳትናገር ትጽፋለች።

ወገባቸው አምና ዘጠና ስድስት ነበር። ዘንድሮ ዘጠና ሦስት ሆነ። ምንም ሳትናገር ጻፈች።

ከሄዱ በኋላ ደብተሩን ወደ ኋላ ገልጣ አሰላች። ሂሳቧ እንደ ሁልጊዜው ንጹሕ ነበር። ገንዘቡ በሰማያዊው ከተቀመጠ፣ የዓመቱ ቁጠባ እየተጨመረበት፣ መቶው የሚሞላው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ሽማግሌው ግን በአከሳሳቸው አያያዝ ሦስት ዓመት አይጠብቋትም። ሰማያዊው ቀጥ ብሎ ይደርሳል፤ የሚደርሰው ግን ከቀብር በኋላ ነው። በማግስቱ ለምሳ ዕረፍት ድርጅቱ ሄዳ ገንዘቧን ወደ ቢጫው አዛወረች። ለማዛወሪያ ከመቶ ሦስት ተቆረጠባት። በድርጅቱ የአገልግሎት መስኮት ያለችው ልጅ እንደ አውቶቡስ ረዳት ባንድ ትንፋሽ አንድ ነገር አነበበችላት፤ "እሺ፣ እሺ" ብላ ፈረመች።

የተቃወማት ታናሽ ወንድሟ ነው። ሚኒባስ ይነዳል። እሑድ ቀን ሚኒባሱን ሲያጥብ አግኝታው ነገረችው። ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ጣለና ቀና አለ።

"እታለም፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ትናንት ተሳፋሪ የተጋፋበት መስመር ላይ ዛሬ ማን ይጋፋል?"

"ተሳፋሪ ነዋ።"

"ሹፌር! ትናንት ሲያዩ የዋሉ ሹፌሮች ሁሉ ጠዋት እዚያ ናቸው። ሃምሳ ሚኒባስ ለሠላሳ ሰው። ተሳፋሪውን ፍለጋ የሄደ ሁሉ እርስ በርሱ ጥሩንባ ሲነፋፋ ይውላል።"

"አንተ ደግሞ አዋቂ ሆንህ። ባለፈው ወር አይደል እንዴ ሰው በዛበት ብለህ መስመር ቀይረህ ባዶህን የገባኸው?"

"ታዲያ ከየት ያወቅሁት መሰለሽ?"

ሁለቱም ሳቁ። ሲስቁ ቁም ነገሩ አመለጣቸው።

ቢጫው በዚያ ዓመት ያተረፈው ከመቶ ሁለት ነው። የማዛወሪያውን እንኳ አልሸፈነም። ሰንጠረዡ በፖስታ ሲመጣ የእትዬ ሜትር ዓይን ቢጫው ላይ አልቆየም፤ ሠላሳ አንድ ያመጣው አረንጓዴው ላይ ሄዶ አረፈ። ይህንንም ወረቀት ግርጌውን ቆርጣ ከመጀመሪያው አጠገብ ሰካችው። ቁራጩን ደብተሩ ውስጥ ጨመረችው።

ሽማግሌው ለሱሪያቸው መጡ። ሰማንያ ዘጠኝ። ጸጥ። ጻፈች።

እሳቸው እጃቸውን እንዳነሱ ሰሌዳውን ያዩ ነበር።

"እነዚህ ደግሞ የማን ልክ ናቸው?"

"የገንዘቤ፣ አባባ።"

"የመቼ?"

"የአምና፤ ያኛው የካቻምና።"

"እህ! ለእኔ ሆድ የከለከልሽውን ለገንዘብሽ ፈቀድሽለት?"

"ሰው ይከሳል፣ ይወፍራል" አለች እየሳቀች። "ይሄ ግን ታትሞ የወጣ ነው።"

"የአምናው ሱሪዬም ተሰፍቶ የወጣ ነበር" አሉ ሽማግሌው ቀበቷቸውን ወደ መጨረሻው ቀዳዳ እየሳቡ።

ይህን ንግግር እትዬ ሜትር ለኦቨርሎኳ እንደ ቀልድ ነገረቻት። ቀልዱን ወደደችው፤ ወደ አረንጓዴው ግን ተዛወረች። ቸኩላለች። ሜትሩ ሰማንያ ዘጠኝ ብሏል።

በእነዚያ ወራት መንገድ ማርዘም ጀመረች። ከቤቷ ወደ ምድር ቤቱ በቀጥታ አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው፤ በጥጉ በኩል ግን ሃያ። ሃያውን ትሄዳለች። ከተዘጋው መስኮት ፊት ስትደርስ የጫማዋን ማሰሪያ ታጠብቃለች፤ የምታደርገው ጫማ ግን ማሰሪያ የለውም። ከካርቶኑ ሥር በአንድ በኩል የደፉ ጫፍ ይታያል፤ ከዚያ ላይ ሁለት የነሐስ ሚስማር። ባዶው እና አስሩ። የቀሩትን ዘጠኙን ከውስጥ ሆነው አቧራ ሲጠጡ ታስባቸዋለች። ስትገባ መጀመሪያ የምታደርገውን ሁሉ በተራ ታውቀዋለች፦ ካርቶኑን መንቀል፣ መስተዋቱን በሆምጣጤ ማጠብ፣ ሚስማሮቹን በሎሚና በጨው መወልወል፣ መኪናዋን ብርሃኑ ከግራ እንዲመጣ አድርጎ ማስቀመጥ። ቀኝ እጇ ጥላውን ጨርቁ ላይ እንዳይጥል ነው። ሰው ስለ ገነት እንኳ ይህን ያህል ዝርዝር አያስብም።

በመሐሉ አንድ ጥዋት ኦቨርሎኳ ጠየቀቻት።

"ቆይ፣ ሌላ መስኮት ያለው ክፍል ብትከራዪስ? ከተማው መስኮት ሞልቶታል።"

እትዬ ሜትር የያዘችውን ጨርቅ አገላበጠች። "ሌላው ሚስማር የለውም" አለች በመጨረሻ።

አረንጓዴው በዓመቱ ከመቶ አሥራ ሁለት ከሰረ። ዝናብ ዘገየ፣ ዋጋ ወረደ፣ መርከብ ቆመ፤ ምክንያቱን የሚያስረዳ ረጅም ደብዳቤ አብሮ መጣ። አሁን የነበራት ስድሳ ስድስት እጅ ነው። ሰንጠረዡን ገለጠች። ሰማያዊው እንደ ልማዱ ሰባት አምጥቷል፤ አየችው፣ አለፈችው። ቀዩ አርባ አራት።

ሽማግሌው በዚያው ሳምንት ወረዱ። ሰማንያ አራት። ደረጃውን እስኪወርዱ ሁለት ጊዜ ቆመዋል። እርሳሷ ደብተሩ ላይ ቆየ።

"እትዬ ሜትር፣ ይሄን ያህል ምን ትጽፊያለሽ?" አሉ እንደ መቀለድ ብለው። "ሁለት አኃዝ አይደለም እንዴ?"

"እርሳሱ ደንዝዞ ነው።"

ወደ ቀዩ ተዛወረች። በመስኮቱ ያለችው ልጅ ይህን ጊዜ ካነበበችላት በኋላ ቀና ብላ አየቻት። "እትዬ፣ በየዓመቱ ነው የምትዛወሪው። ሁልጊዜ ከፍ ያለው ጋ ስትደርሺ..." አለችና ከኋላዋ አለቃዋ ሲያልፍ ዝም አለች።

"ስደርስ ምን?"

"ምንም። እዚህ ጋ ፈርሚ።"

ያን ዓመት ቀዩ ከመቶ ሃያ ሁለት ወረደ። ማዕድኑ አልጠፋም፤ ገዢው ግን ጠፋ። እትዬ ሜትር ያን ወር ሙሉ ቤቷ ዘግይታ እየገባች፣ ጠዋት ከቤቷ ቀድማ እየወጣች፣ የሰው ኮት በሁለት ቀን ታደርስ ነበር። ሥራ ያበዛ ሰው ገንዘብ የሚያሳድድ ይመስላል፤ እሷ ግን ላለማሰብ ነበር የምትሰፋው።

የዓመቱ መጀመሪያ ሲደርስ ሽማግሌው ደረጃውን ሳይቆሙ ወረዱ። ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ሳትጠይቃቸው እጃቸውን ከፍ አደረጉ። ሜትሩን አዞረች። አላመነችም። ፈታ ደግማ ለካች።

ሰማንያ አምስት።

"ወፈሩ!" ብላ ጮኸች። ኦቨርሎኳ መኪናዋን አቆመች። "አባባ፣ አንድ ሴንቲ ጨምረዋል!"

"አዲስ መድኃኒት ሰጥተውኝ ነው። ሐኪሙ ገና ብዙ ሱሪ ታሰፋለህ ብሎኛል።" ሽማግሌው እንደ ልጅ ሳቁ። ከዚያ ወንበሩን ሳቡና ተቀመጡ። "የመጣሁትም ለዚያ ነው፣ ልጄ። ልጆቼ ወደሚኖሩበት ሊወስዱኝ ነው። እዚህ ያለኝን ሁሉ በዚህ ወር ሸጬ መጨረስ አለብኝ፤ የመድኃኒቱም ዋጋ ቀላል አይደለም። ለክፍሉ ጠያቂ መጥቷል፤ ከአንቺ ዋጋ በላይ ነው የሚሰጠው። አንተ ቆይ፣ ቃል አለብኝ አልሁት። ይኸው ጠብቄሻለሁ። ሞላልሽ?"

እትዬ ሜትር ሜትሩን አንገቷ ላይ መለሰች። እርሳሷን አነሳች። ደብተሩ ላይ፣ ከሰማንያ አምስት ሥር፣ ሃምሳ አራት ብላ ጻፈች።

ሽማግሌው ቁጥሩን ማንበብ አላስፈለጋቸውም። አራት ዓመት ሲለኩ ዝምታዋ ምን ማለት እንደሆነ አውቀዋል።

"ከጀመርሽበትም ያነሰ ነው?"

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

"በዚያው በመጀመሪያው ትተሽው ቢሆንስ?"

"ዛሬ ይሞላ ነበር። ዛሬ፣ አባባ።" ሰሌዳው ላይ የተደረደሩትን ወረቀቶች አየች። "እርስዎን እኮ... ሜትሩ ሲወርድ አይቼ፣ አይደርሱልኝም ብዬ ነው የቸኮልሁት።"

"እኔንም በአምና ልክ ቆረጥሽኝ በይኛ" አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ደብተሩን ወደ ራሳቸው ሲስቡ ከገጾቹ መሐል ቀጫጭን የወረቀት ቁራጮች ወደቁ። አርባ ዓመት የመድኃኒት ብልቃጥ ጀርባ ያነበቡ ሰው ናቸው፤ ትንሽ ፊደል ሳያነቡ አያልፉም። አንዱን ከመሬት አንስተው ወደ መብራቱ አስጠጉት።

"'ያለፈው ዘመን ውጤት ለወደፊቱ ዋስትና አይሆንም።' ይሄን ከየት ቆረጥሽው?"

"ከግርጌው። ለሰሌዳው ረዝሞብኝ ነበር።"

ሽማግሌው ቁራጩን ደብተሩ ውስጥ መለሱት። "የእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ..." ብለው ጀመሩና ተዉት። ሱሪውን ግን ይሰፋላቸው ዘንድ አዘዙ። ከመቼውም የበለጠ አሳምራ ሰፋችው፤ ወገቡ ላይ በኋላ የሚለቀቅ ሁለት ሴንቲ ትርፍ አስቀርታ።

የቀረውን ገንዘብ ወደ ሰማያዊው መለሰችው። ሰንጠረዡ እንዳይላክላትም በመስኮቱ ላለችው ልጅ ነገረቻት። ልጅቷ ለዚህ ጥያቄ የሚሞላ ቅጽ ስላልነበራት በእጇ ጻፈችው።

ክፍሉን የገዛው ሞባይል የሚሸጥ ወጣት ነው። ካርቶኑ ተነቀለ፣ የመስታወት መደርደሪያ ገባ። እትዬ ሜትር በአሥራ ሁለት ደቂቃው መንገድ መሄድ ጀመረች። ሁለት ወር ሆናት። ከዚያ አንድ ቀን ከሱቅ የተገዛ፣ ማንም በልኩ ያልሰፋለት ሱሪ የለበሰ ወጣት ደረጃውን ወረደ።

"እትዬ፣ የምድር ቤት ልብስ ሰፊ ናት ብለውኝ ነው። መጋረጃ እፈልጋለሁ። ወፍራም፣ ጥቁር፣ ብርሃን የሚባል የማያሳልፍ። ጠዋት ፀሐይዋ ስክሪኑ ላይ ትወጣና ደንበኛ የራሱን ፊት እንጂ ስልኩን አያይም።"

ኦቨርሎኳ መኪናዋን አቁማ እትዬ ሜትርን አየቻት። መጋረጃ አትወድም፤ እምቢ ልትል ትችላለች።

"የትኛው መስኮት ነው?" አለች እትዬ ሜትር፤ እያወቀች።

ነገራት። ከጣሪያ እስከ ወለል ያለውን ቁመትም ከሽያጭ ወረቀቱ አነበበላት፦ ሁለት ሜትር ከስድሳ።

"መጥቼ እለካዋለሁ።"

"ወረቀቱ ላይ አለ እኮ፣ እትዬ።"

"ወረቀቱ የመቼ ነው?"

ሄዳ ለካች። በግራ በኩል ሁለት ሜትር ከስድሳ፤ በቀኝ ሁለት ሜትር ከሃምሳ ስምንት ተኩል። ቤቱ በእድሜው ወደ አንድ ወገን ተቀምጧል። ወጣቱ አፉን ከፍቶ አየ። "በወረቀቱ ብትሰፊው ይጎተት ነበር ማለት ነው?" አላት። አዎ፣ አለችው። ደፉን አላየችም፤ ወይም ላለማየት ሞከረች።

መጋረጃውን ሰፍታ፣ ቅምቅማቱን ብቻ ክፍት ትታ ሰቀለችው። ከባድ ጨርቅ ከተሰቀለ በኋላ በክብደቱ ይረዝማል፤ ስለዚህ ሦስት አራት ቀን ተንጠልጥሎ ከቆየ በኋላ ነው ታችኛው ጠርዝ የሚታጠፈው። ይህ የሙያው ሕግ ነው፤ ሰበብ አልፈጠረችም። በአምስተኛው ቀን ጠዋት መርፌና ክር ይዛ ተመለሰች።

"አውርጄ ልስጥሽና ይዘሽው ሂጂ?" አለ ወጣቱ። "በመኪና ይቀልሻል።"

"እዚሁ በእጄ ልቀምቅመው። እንደተሰቀለ ነው የሚስተካከለው።"

"እንደፈለግሽ፣ እናቴ። ሱቁን ገና አልከፈትኩም። ወንበር ላምጣልሽ?"

"ደፉ ይበቃኛል።"

መጋረጃውን ወደ አንድ ጎን ሰብስባ የመስኮቱ ደፍ ላይ ተቀመጠች፤ አባቷ ከሚቀመጡበት በኩል፣ ብርሃኑ ከግራ እንዲመጣ። ሚስማሮቹ ጠቁረዋል፤ ግን አስራ አንዱም አሉ። በጣቷ ቆጠረቻቸው፣ ከባዶው ጀምራ። ፀሐይዋ የመጀመሪያው ላይ አርፋለች።

ጥቁር ክር ቆርጣ ጫፉን በከንፈሯ አረጠበች። መርፌውን አነሳች። ኦቨርሎኳ አጠገቧ አልነበረችም፤ ማንን ትለምን? ክሩ በአንዴ ገባ።

መርፌውን ወደ ብርሃኑ አንስታ ክሩ በቀዳዳው ማለፉን ደግማ አየች።

ለእንዲህ ያለ ቅምቅማት ለእሷ አንድ ሰዓት ይበዛል። በከተማው ከእሷ የሚፈጥን እጅ የለም፤ ራሷም ታውቃለች። ያን ቀን ግን የስፌቱን ነጥብ እንደ ጀማሪ አጠጋግታ፣ አንዱን ከአንዱ በሩብ ሴንቲ እየለየች ሰፋች። ወጣቱ መደርደሪያውን ወለወለ፣ ስልኮቹን ደረደረ፣ ሻይ ጠጥቶ ተመለሰ። ብርሃኑ ከአንዱ ሚስማር ወደ ሌላው ተሻገረ፤ አራተኛው፣ ሰባተኛው። ጉልበቷ ሞቀ። በውጭ የሚያልፈው ሰው በሙሉ ቁመቱ፣ ከነፊቱ ይታያት ነበር። ሁለት ደንበኞቿ አልፈው ሰላም አሏት፤ ፊታቸውን እንደ አዲስ አየችው።

"እናቴ፣ አልጨረስሽም እንዴ?" አለ ወጣቱ። "ደንበኛ መምጫው ደረሰ።"

"ትንሽ ቀረኝ።"

ፀሐይዋ አስራ አንደኛውን ሚስማር እስክታልፍ ትንሽ ቀራት። ከዚያ ቋጠሮውን ቋጥራ ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ መርፌዋን የኮቷ እጅጌ ላይ ሰካች። መሬቱን በትክክል መሳም አለመሳሙን ለማየት ከደፉ ወረደችና መጋረጃውን ራሷ ሳበችው። በግራም በቀኝም አንድ ሆኖ ወረደ።